የሰባት ቁጥር ክፍል አግዳሚ ወንበር

ከሁሉ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ ጎባጣ ነው። መስመሩ ላይ በደንብ ይጀምርና ሳይጨርስ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ልክ እንደ ክረምት የሰፈራችን መንገድ። የፊደል ስሕተቴን ልቁጠር ያለም ሰው ይመሽበታል። የትኛው “ሀ” የት እንደሚገባ መምህራችን ሲያስረዱ እኔ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ነበርኩ፤ እዚያ ደግሞ ከሚነገረው ግማሹ አይደርስም። የአንደኛ ደረጃን እንደምንም ጨርሼ ትምህርቴን አቆምኩ። ለምን አቆምሽ ሲሉኝ ዓይኔን እያመመኝ ነው እላለሁ። መነጽር ስለማደርግ ሰው ሁሉ ያምነኛል። መነጽር ምን ያህል የተከበረ ዕቃ እንደሆነ ያወቅሁት ካደረግሁት በኋላ ነው፤ ጠያቂ ሁሉ መነጽሩን አይቶ ጥያቄውን ይተወዋል። መነጽሩ ከየት እንደመጣ ደግሞ እነግራችኋለሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

የማወራው ስለ መቀመጥ ነው። ሰው የሚታመመውን በሽታ አይመርጥም፤ የሚቀመጥበትን ቦታ ግን ይመርጣል። ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠውን ሰውዬ ልብ ብላችሁታል? የመኪናው ባለቤት ነው የሚመስለው። ሠርግ ቤት በሩ ሥር የተቀመጠውን ግን ማንም የሙሽራው አጎት ነው አይልም፣ ቢሆንም እንኳ። የተቀመጥንበት ቦታ ሳንጠየቅ ስለ እኛ ያወራል። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። የት ብቀመጥ ሰው እንደማያየኝ ሳጠና አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል፤ አንድ ጥናት ላይ ይህን ያህል የቆየ ሰው በከተማችን ያለ አይመስለኝም።

በሽታም ማዕረግ አለው። ደም ግፊት የቢሮ በሽታ ነው፤ ያለበት ሰው ኃላፊ ኃላፊ ይላል። ስኳር ያለባቸው አንድ ጎረቤታችን ሠርግ ላይ ለስላሳ ቢቀርብላቸው “እኔ እንኳ ስኳር አለብኝ” ብለው እጃቸውን አነሱ፤ ጠረጴዛው ሁሉ በአክብሮት ዝም አለ፣ ለእሳቸው ብቻ የታሸገ ውኃ ተፈልጎ መጣ። ዓይኑን ያመመው ሰው ብዙ ያነበበ ይመስላል። ጥርስ እንኳ አዛኝ አያጣም። አእምሮዬን አመመኝ የሚል ሰው ግን የት ሰምታችኋል? ሕመሙ አለ፣ ታማሚው አለ፣ ስሙን የሚጠራው ግን የለም።

ቦንጋ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ስድስት ቁጥርና ሰባት ቁጥር የሚባሉ ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን ናቸው። ስድስት ቁጥር ዓይን ነው። ሰባት ቁጥር በሩ ላይ “የአእምሮ ጤና ክፍል” ተብሎ ተጽፎበታል። የጻፈው ሰው እጁ ይባረክና፣ ፊደሉን አግዝፎት ከግቢው በር ውጭ የቆሙ የባጃጅ ልጆች ሳይቀሩ ያነቡታል። ከዚያ ጽሑፍ ሥር አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። የተሠራው እኛ እንድንቀመጥበት ነው። ቀለሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ሰው ካልተቀመጠበት በምን ይለቃል?

እኛ ማለት በየወሩ በአንድ ማክሰኞ ወደ ሰባት ቁጥር የምንመጣ ሰዎች ነን። የምንቀመጠው ግን ስድስት ቁጥር በር ላይ፣ በዓይን ታማሚዎች ወንበር ነው። ተማክረን አይደለም። እያንዳንዱ በራሱ አስቦ ነው እዚያ የደረሰው። አንገት ደፍተን፣ አንዳንዶቻችንም ዓይናችንን እያሸን እንጠብቃለን። የሰባት ቁጥሯ ነርስ ሲስተር ወርቅነሽ ወጣት ናት፣ ነገሩ ገና በመጣችበት ሰሞን ገብቷታል። ስም አትጠራም። በሩን ገርበብ አድርጋ ትወጣና ተራው የደረሰውን ሰው አይታ አንዴ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ያ ሰው ሰላም ሊላት የተነሳ መስሎ ይነሳል፣ ሰላም እያላት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ለስንት ዓመት እንዲህ ሠራን። ጥሩ አሠራር ነበር፣ እስኪቆጥሩን ድረስ።

እኔ እዚያ የምሄደው አጎቴን አስራትን ይዤ ነው። አስራት የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ንብ ያረባል። ቀፎውን በጀርባው ተሸክሞ ጫካ ይገባና ትልቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ይሰቅለዋል። እንዲህ ላለ ሥራ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ያስፈልጋል። አስራት መድኃኒቱን ሲወስድ ይተኛል፣ ይሠራል፣ ያሾፋል። ሲያቋርጥ ሌሊቱን ሁሉ ሲንጎራደድ ያድራል፣ ንቦቹም ያናግሩታል። ከሚወስዳቸው ሁለት እንክብሎች አንዷ ታዲያ በቁልፍ የምትቀመጥ ናት፤ ያለ ልዩ ማዘዣ ወረቀት አትሰጥም። ደንቡ ጥሩ ነው፣ እንክብሏ ገበያ ወጥታ እንዳትቸረቸር ነው። ግን ደንቡን ያወጣው ሰው ወረቀቱንም አብሮ በብዛት ቢያሳትም ምን ነበረበት?

ባለፈው ዓመት ወረቀቱ አለቀ። መድኃኒቱ በመስታወቱ ውስጥ ይታየናል። ሲስተር አለች፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ አለ፣ የጤና መድን ካርዳችን ታድሷል፣ አስራትም በእግሩ መጥቶ ቆሟል። የሌለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ሲስተር ለምና ጽፋ ወረቀቱ እስኪመጣ የአጎቴም እንቅልፍ አለቀ። አንድ ቀን ቀፎውን ተሸክሞ ወደ ደካ በሚወስደው በኩል ጫካ ገባ፣ በአምስተኛው ቀን እጁ በንብ ተነድፎ አብጦ አንድ ዛፍ ሥር አገኙት። እናቴ እነዚያን አምስት ቀናት እህል አልቀመሰችም። እሱ ግን ንቦቹ ለመንግሥት አድርስ ያሉት መልእክት እንዳለ ነበር የሚናገረው። መልእክቱ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረንም። ስለ ወረቀቱ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ያ ክፍል ቢዘጋ ምን እንደሚመጣ ቤታችን ያውቃል። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ክፍል ያለው ጅማ ነው። አስራት ደግሞ አውቶቡስ ላይ አይቀመጥም፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ወራጅ ብሎ ይወርዳል። ከወረደ በኋላ የት እንደሚሄድ ከእግሩ በቀር የሚያውቅ የለም።

ክፍሉ ውስጥ አብሬው እገባለሁ። ሲስተር ቀስ ብላ በየወሩ ያንኑ ትጠይቀዋለች። እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብ ይጥምሃል? ሰው ስለ አንተ የሚያወራ ይመስልሃል? ያለ ምክንያት ልብህ ይመታል? አስራት አስቦ አስቦ ይመልሳል። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ እጠብቃለሁ።

አንድ ማክሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች መጡ። የትኛው ክፍል ስንት ተገልጋይ እንዳለው አይተው በጀት ሊደለድሉ ነው። ሰብሳቢያቸው ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ክፉ ነገር የማይገኝባቸው ሰው ናቸው። ሲስተር መዝገቧን ብታቀርብላቸው መዝገብ ቢሯቸውም እንደሞላ፣ እሳቸው የመጡት በዓይናቸው ሊያዩ እንደሆነ በትሕትና ነገሯት። እውነታቸውን ነው። መንግሥት የሚያውቀው የቆጠረውን ነው፣ የሚቆጥረውም ያየውን።

ኮሪደሩን ይዘው መጡ። ሰባት ቁጥር በር ላይ ሲደርሱ፣ በአግዳሚው ወንበር ላይ የጥበቃው ዶሮ ተመቻችታ ተኝታለች። ሰብሳቢው ዶሮዋን አዩ፣ ዶሮዋም ሰብሳቢውን አየች። በዚያ ኮሪደር ሳትዋሽ የተቀመጠች እሷ ብቻ ነበረች። ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉና ወደ እኛ ዞሩ። የዓይን ወንበር ጢም ብሏል፣ ቦታ ያጡት ግድግዳ ተደግፈዋል።

እያንዳንዳችንን ጠየቁ። ከሺሺንዳ የሚመጡት ነጋዴ እትዬ ብርቄ የዓይን ሞራ ነው አሉ። ከደካ የሚመጡት መምህር ፀሐይ አይስማማኝም አሉ፤ ውጭ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ እየዘነበ ነበር፣ ጃንጥላቸውም ጉልበታቸው ላይ ይንጠባጠባል። ተራው አስራት ላይ ደረሰ። አጎቴ ውሸት አያውቅም። አፉን ሲከፍት አየሁት። ታዲያ እኔ፣ ገበያ ውስጥ ዋጋ ለመጠየቅ እንኳ ሰው እስኪበተን የምጠብቀው ልጅ፣ ቀደም አልኩና “ዓይኑን ነው። እኔንም ዓይኔን ነው” አልኩ። ሰው ፊት ካደረግኋቸው ንግግሮች ሁሉ ይህ ረጅሙ ነበር። ሰብሳቢው አይዟችሁ ብለው ሁለታችንንም ጻፉ።

ወደ ቤት ተመለስን። ደጃፋችን ስንደርስ አስራት ያልገባው ነገር እንዳለው ሰው ቆም ብሎ “ዓይኔ እኮ ደህና ነው፤ ንብ ከሩቅ እለያለሁ” አለኝ።

መንግሥት አይሠራም የሚል ሰው ይህን ይስማ። ወር ሳይሞላ የዓይን ክፍል በር ላይ ሁለተኛ አግዳሚ ወንበር መጣ። አንድ ካርቶን መነጽርም መጣ። የተመዘገበ ሁሉ ይመርመር ስለተባለ የዓይኑ ባለሙያ እኔንም አስገባኝ። ግድግዳው ላይ ባለ ሦስት ጥርስ ፊደል አለ፣ ጥርሱ ወዴት እንደዞረ በጣት ማሳየት ነው። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አሁን ደህና ነኝ ብል ታዲያ ያን ቀን ምን ልትሠሪ መጣሽ አይለኝም? ወደ ላይ ያለውን ወደ ታች፣ ወደ ግራ ያለውን ወደ ቀኝ አሳየሁት። በጣት ሲዋሹ ድምፅ ስለሌለው ቀላል ነው። ሰውዬው በሐዘን ራሱን ነቀነቀና መነጽር ሰጠኝ። ሳደርገው መሬቱ ወደ ላይ ይመጣብኛል፣ ደረጃ በሌለበት እግሬን አነሳለሁ። ጽሑፌ የጎበጠው በከፊል በእሱ ነው። ግን እንዴት ላውልቀው? የመንግሥት ንብረት ነው።

ለሰባት ቁጥር ደግሞ የመጣው ደብዳቤ ነበር። ተገልጋይ ባለመኖሩ ክፍሉ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ እንዲዘጋ፣ መድኃኒቱ ወደ ግምጃ ቤት እንዲመለስ፣ ነርሷም ወደ ሌላ ክፍል እንድትዛወር ይላል። ሲስተር ለሁላችን በየተራ፣ በዝግ በር ነገረችን። ያንን የሰማ ሁሉ ሲወጣ ዓይኑን ያሽ ነበር፣ ያን ቀን ለማስመሰል አልነበረም። እሷ አልተቆጣችንም። ቢሮ ለቢሮ እየዞረች ተማጽና ሰብሳቢው አንድ ማክሰኞ ተመልሰው እንዲያዩ አስፈቅዳለች። ለአስራት ያለችው ለሁሉም ያለችውን ነው፤ “እናንተ በሌላችሁበት ስለ እናንተ ልከራከር አልችልም። የዚያን ቀን ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡልኝ።”

ቀላል ነገር ነው አይደል? መቀመጥ። ሕፃን ልጅ በስድስት ወሩ ይችለዋል።

ያ ማክሰኞ ደረሰ። ሁሉም በጠዋት መጥቷል፣ የተቀመጠ ግን የለም። ኮሪደሩ መሀል ቆመን ዝናቡን እናያለን፣ ዝናብ አይተን እንደማናውቅ። እትዬ ብርቄ መምህሩን እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ይቅደሙ አሏቸው። መምህሩ ሴት ትቅደም እንጂ ብለው በጨዋ ደንብ መለሱላቸው። እትዬ ብርቄም፣ ሠላሳ ዓመት ልጆችን ተቀመጡ ሲሉ የኖሩ ሰው ዛሬ ተቀመጡ ቢባሉ ምን ያስቸግራቸዋል ብለው ወጓቸው። የግቢው በር ላይ የባጃጅ ልጆች አንገታቸውን አስግገዋል። አንዷ ሴት የሺሺንዳ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብላ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። አሁን አንድ ሰው ቢሄድ ሁሉም ይሄዳል። እኔ የአስራትን ካርድ ይዤ ቆሜያለሁ፤ የአምስቱ ቀን የእናቴ ፊት ነው የሚታየኝ።

አስራት ወደ ወንበሩ ሄደ። ዶሮዋን በሁለት እጁ አነሳና ይቅርታ የሚጠይቃት መስሎ መሬት አስቀመጣት። ተቀመጠ። ዛፍ ላይ እንደሚወጣ ሰው ወንበሩን በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ሞከረው። ከዚያ ወደ እኛ ቀና ብሎ፣ “ኑ እንጂ። አይናደፍም” አለ።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ብርቄ ናቸው። እየሳቁ አጠገቡ ተቀመጡ። መምህሩ ጃንጥላቸውን አጣጥፈው ተከተሉ። ባለ ነጠላዋ ሴትም ሚኒባሱን ተወችው። አንድ በአንድ እየተጠጋጉ ሞሉት፣ ጫፉ ላይ ለአንድ ቀጭን ሰው የሚሆን ቦታ ብቻ ቀረ። ሲስተር በሩን ከፍታ ቆመች፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ጉሮሮዋን ሳትጠርግ በስማቸው ጠራቻቸው። የባጃጅ ልጆቹ ትንሽ አዩና ተሳፋሪ መጥቶላቸው ሄዱ። ለስንት ዓመት የፈራነው ይኸው ነበር።

ሰብሳቢው መጡ። በእስክሪብቷቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ፤ ዘጠኝ። ደግመው ቆጠሩ፣ ዘጠኝ ነው። እትዬ ብርቄን ሞራዎ እንዴት ሆነ ብለው ጠየቋቸው፣ እትዬ ብርቄም ወደዚህኛው ወንበር ወርዷል አሏቸው። ሰብሳቢው ፈገግ አሉ፣ ጻፉ። ክፍሉ እንደማይዘጋ፣ መድኃኒቱም ልዩ ማዘዣ ወረቀቱም ለዘጠኝ ሰው ታስቦ እንደሚመደብ ለሲስተር እዚያው ነገሯት። ሲስተር አመሰገነች።

እኔ ወንበሩ ጫፍ አጠገብ፣ ያቺ ክፍት ቦታ ዘንድ ቆሜያለሁ። መነጽሬን አድርጌያለሁ። ሰብሳቢው ሲዞሩ አዩኝና አስታወሱኝ። “አንቺ የዓይኗ ልጅ አይደለሽም?” አሉኝ፣ እንደ አባት። “ወንበራችሁ ያኛው ነው፤ አዲስ አምጥተንላችኋል።”

ምን እላለሁ? እሺ ብዬ ሄድኩና ተቀመጥኩ። አዲሱ ወንበር ላይ እኔና ዶሮዋ ብቻ ነበርን።

ይህ ከሆነ ስድስት ወር አልፎታል። አስራት ይተኛል፣ ከአሥር ያላነሱ ቀፎዎችም ሰቅሏል። በየወሩ ማክሰኞ ሰባት ቁጥር ወንበር ላይ ቀድሞ ደርሶ ዶሮዋን የሚያስነሳው እሱ ነው። እኔም ካርዱን ይዤ አብሬው እገባለሁ፣ በመስኮቱ በኩል አያለሁ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። በመስኮቱ የማየው ወሬ ላለመስማት አይደለም። ሲስተር አጎቴን ስትጠይቀው፣ እሱ አስቦ ሳይመልስ እኔ በልቤ መልሼ ስለምጨርስ ነው። እንቅልፍ ይወስድሻል? አይወስደኝም። ምግብ ይጥምሻል? አይጥመኝም። ሰው ስለ አንቺ የሚያወራ ይመስልሻል? ሁልጊዜ። ልብሽ ይመታል? ትምህርት ቤት መምህራችን ተነሺና አንብቢ ባሉኝ ቁጥር እስክወድቅ ድረስ ይመታ ነበር፤ ትምህርቴንም ያቆምኩት ለዚያ ነው። ዓይኔ ደህና ነው፣ ንብ ከሩቅ እለያለሁ። ሰብሳቢው ረጋ ብለው፣ ሁለት ጊዜ ቆጥረው ዘጠኝ ብለው የጻፉት ስሕተት ነው። አሥር ነበርን።